የፊልም መልክ ከየት ይመጣል? ስለ ሌንስ አዳፕተርና ስለ ጥቁር ሰሌዳችን

ሲኒማ ቤት የሚታይን ፊልምና በተራ ቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸን የሠርግ ካሴት ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው፣ ስለ ካሜራ አንዳች ነገር ባያውቅም እንኳ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ብዙ አይቸገርም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ መብራቱ ነው ይላል፤ ሌላው ተዋናዮቹ ናቸው ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የፈረንጅ ካሜራ ነዋ!» ብሎ ይገላገላል። (የሠርጉም ካሜራ እዚህ እንዳልተሠራ ይዘነጋል።) ከነዚህ መልሶች ውስጥ እውነትነት ያለው አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው ብዙ ጊዜ በማይነሣው ምክንያት ላይ ነው። ይኸውም በፊልሙ ውስጥ የተዋናዩ ፊት ጥርት ብሎ ሲታይ ከጀርባው ያለው ግድግዳ፣ ዛፍና መንገደኛ ለስልሶ መደብዘዙ፣ በሠርጉ ካሴት ውስጥ ግን ሙሽራዋም፣ ድንኳኑም፣ ከድንኳኑ ኋላ የቆመው መኪና ታርጋም እኩል ጥርት ብለው መታየታቸው ነው።

ከካሜራው ወደ ፊት ባለው ርቀት ውስጥ፣ ከዚህ እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል የሚባልበትን ልክ ባለሙያዎቹ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ይሉታል። እኛ እዚህ የጥራት ጥልቀት እንለዋለን። ጥልቀቱ ሲያጥር የተፈለገው ነገር ብቻ ይጠራል፤ ሲረዝም ሁሉም ይጠራል።

«ታዲያ ይኼ ለእጩ መምህር ምን ይሠራለታል?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። የማስተማር ልምምዳችን በቪዲዮ ተቀርጾ ሲታይ ሰሌዳው ላይ የጻፍነው መነበብ አለመነበቡ የሚወሰነው በዚሁ በጥራት ጥልቀት ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከደጃችን የራቀ አይደለም። በዚያ ላይ ነገሩ ሁሉ በካርቶንና በሻማ ለተማሪ ሊታይ የሚችል የብርሃን ትምህርት ነው።

በተለምዶ የሚነገረው «የፊልም ካሜራ ሌንሱ ጥሩ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ነገሩን ይገለብጠዋል። የሠርጉ ካሜራ ሁሉን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ሌንሱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ትንሽ ሆኖ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው።

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰፊው ይሠራባቸው የነበሩ የእጅ ቪዲዮ ካሜራዎች ብዙዎቹ ምስሉን የሚቀበለው ገጻቸው፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ «አንድ ሦስተኛ ኢንች» ይባል እንጂ በእውነቱ ወርዱ 4.8፣ ቁመቱ 3.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። የምስር ፍሬ ያህል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በአንጻሩ በባለ 35 ሚሊ ሜትር የፎቶግራፍ ፊልም ላይ አንዱ ምስል 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ከመጀመሪያው በወርድ 7.5 እጥፍ፣ በስፋት ደግሞ 50 እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ አንዱን ክፍል በሁለቱም ካሜራ እኩል አድርገን ማየት ብንፈልግ፣ በትልቁ ላይ የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ ስንጠቀም በትንሹ ላይ 50 ለ7.5 ተካፍሎ 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሌንስ ያስፈልገናል። የሁለቱም ቀዳዳ «ኤፍ 2» ላይ ነው እንበል። ኤፍ 2 ማለት የቀዳዳው ወርድ የትኩረት ርቀቱን ግማሽ ያክላል ማለት ነው። ስለዚህ የትልቁ ሌንስ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን የትንሹ 3.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ካሜራውን በመማሪያ ክፍል መጨረሻ ላይ አቁመን፣ 2 ሜትር ፊት ለፊቱ በተቀመጠች ተማሪ ላይ አተኮርን እንበል። ጥቁር ሰሌዳው ከካሜራው 6 ሜትር ይርቃል። ሰሌዳው ላይ ካለች አንዲት የጠመኔ ነጥብ የሚነሣው ብርሃን ወደ ሌንሱ የሚመጣው እንደ ሾጣጣ ሆኖ ነው፤ ጫፉ ሰሌዳው ላይ፣ አፉ ሌንሱ ላይ። ይህ ሾጣጣ ተማሪዋ ባለችበት ርቀት ላይ ሲደርስ ወርዱ ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ከተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ትምህርት የበለጠ አያስፈልግም። ሾጣጣው 6 ሜትር ተጉዞ 25 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ከሰሌዳው እስከ ተማሪዋ ያለውን 4 ሜትር ሲጓዝ 16.7 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ካሜራው ትኩረቱ ተማሪዋ ላይ ስለሆነ ያቺን ነጥብ እንደ ነጥብ አያያትም፤ ተማሪዋ አጠገብ የተሰቀለች 16.7 ሚሊ ሜትር ወርድ ያላት ክብ አድርጎ ነው የሚያያት። አሁን ደግሞ ሰሌዳው ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል አለ እንበል። ይህ ፊደል በተማሪዋ ርቀት ሲለካ በ2 ተባዝቶ ለ6 ይካፈላል፤ 1.67 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 16.7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ብዥታው ፊደሉን አከለው ማለት ነው! «ሀ» ይሁን «ፐ» የሚለይ አይኖርም። በትንሹ ካሜራ ግን ያው ስሌት የሚሰጠን 2.2 ሚሊ ሜትር ብዥታ ነው፤ የፊደሉን አንድ ሰባተኛ ያህል ቢሆን ነው። ጥቂት ቢለሰልስም ይነበባል።

ልብ ይሏል፣ በዚህ ስሌት ውስጥ ስለ ካሜራው ዋጋ የተነሣ ነገር የለም። የገባው የቀዳዳው ወርድና ርቀቶቹ ብቻ ናቸው።

ይህን በቃል ከመሸምደድ በዓይን ማየት ይሻላልና፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ እንናገር። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ሁለት ካርቶን ይዘጋጅ። የውጪው ካርቶን ፊት ይበሳና 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው አጉሊ መነጽር ይለጠፍበት። የውስጠኛው ካርቶን ጫፍ ዘይት በተቀባ ነጭ ወረቀት ይሸፈን፤ ከኋላ ሆኖ ለማየት ሌላኛው ጫፍ ክፍት ይሁን። የመነጽሩን የትኩረት ርቀት ለማወቅ ከመስኮት ራቅ ብሎ በመቆም የውጪው እይታ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ እስኪያርፍ ድረስ መነጽሩን ማስጠጋትና ማራቅ፣ ከዚያም ከመነጽሩ እስከ ግድግዳው በማስመሪያ መለካት ይበቃል። (ፀሐይ ላይ ማነጣጠር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ወረቀቱንም ዓይንንም ያቃጥላል።) እኛ 20 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን እንቀጥላለን።

ክፍሉን አጨልመን አንድ ሻማ በ1 ሜትር፣ ሌላውን ፈንጠር አድርገን በ3 ሜትር ርቀት እንለኩሳለን። የቅርቡ ሻማ ምስል ከመነጽሩ ኋላ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የሩቁ 21.4 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጠራል። እንግዲህ ወረቀቱን 25 ላይ ስናቆመው የቅርቡ ነበልባል ቁልጭ ይላል፤ ከሩቁ ነበልባል የምትመጣ እያንዳንዷ ነጥብ ግን 10 ሚሊ ሜትር ወደሚሆን ክብ ትፈርሳለች። አሁን 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የተበሳ ጥቁር ወረቀት መነጽሩ ላይ እንለጥፍ። ቀዳዳው በ10 እጥፍ ስለጠበበ ብዥታውም ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ሁለቱም ሻማዎች ባንድነት ይጠራሉ። ብርሃኑ ግን ወደ አንድ መቶኛ ያንሳል፤ መስኮቱን መጋረድ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ተማሪዎች ካርቶኑን ወስደው ባየር ላይ ያለውን ወሬ በዓይናቸው ይዳኙታል።

በነገራችን ላይ ሕፃናት ካርቶኑን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ብዥታው ሳይሆን «ሻማው ለምን ተገለበጠ?» ብለው ነው። መጠየቃቸው ትክክል ነው፤ ይኸው ጥያቄ የአዳፕተር ሠሪዎችንም ሲያስጨንቅ ኖሯል።

አሁን ወደ አዳፕተሩ መጣን ማለት ነው፤ ምክንያቱም ይህ ካርቶን ራሱ አዳፕተር ነው። ከወረቀቱ በስተኋላ ትንሹን ቪዲዮ ካሜራ አስጠግተን ወረቀቱ ላይ ያለውን ምስል እንቅረጸው። ካሜራው ትንሽ ሴንሰር አለው፣ ሁሉን ነገር ጥርት አድርጎ ማየት ልማዱ ነው ብለናል። ግን አሁን የሚያየው ዓለምን ሳይሆን ጠፍጣፋ ሥዕልን ነው። ብዥታውን ትልቁ መነጽር አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ ስሎት ጨርሷል፤ ካሜራው የተሳለለትን ብዥታ ጥርት አድርጎ ከመገልበጥ ሌላ ምርጫ የለውም። ድክመት ይባል የነበረው የካሜራው ጠባይ እዚህ አገልጋይ ሆነ። እኛን የዚህ መሣሪያ ነገር የማረከን ይኸው ነው።

በጀርመን አገር ሙኒክ አጠገብ ያለው ፒ ፕላስ ኤስ ቴክኒክ የተባለ ድርጅት በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ሚኒ 35» ብሎ ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነበር። በዘይት ወረቀቱ ፈንታ አንድ ፊቱ ተፍቆ የሻከረ መስታወት፣ በአጉሊ መነጽሩ ፈንታ የፊልም ወይም የፎቶግራፍ ሌንስ ነበረው። ካኖን ኤክስ ኤል 1 ከተባለው ቪዲዮ ካሜራ ጋር ሆኖ በብዙ አገር ተሠርቶበታል። በ2002 ደግሞ ፓናሶኒክ ዲቪኤክስ 100 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ፣ እንደ ሲኒማ በሰከንድ 24 ሙሉ ምስል መቅረጽ የሚችል አነስተኛ ካሜራ ተገኘ። የእንቅስቃሴው መልክ ከሲኒማ ጋር ተመሳሰለ፤ የቀረው ብዥታው ብቻ ነበር። ነገር ግን የጀርመኑ መሣሪያ ዋጋ በገዛ ገንዘቡ ፊልም ለሚሠራ ወጣት የሚቀመስ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው በአሜሪካና በአውሮፓ ወጣቶች ቤታቸው ውስጥ መሥራት የጀመሩት። መርሁ የተገለጠ ነበር፤ አሮጌ የፎቶግራፍ ካሜራ ሌንስ ደግሞ በርካሽ ይገኝ ነበር። ችግር የሆነው መስታወቱ ነው። ዘይት በተቀባው ወረቀት ላይ የወረቀቱ ጭረት ከምስሉ ጋር አብሮ እንደሚታይ ሁሉ፣ የመስታወቱም ሻካራነት በፊልሙ ላይ እንደ አቧራ ሆኖ ይታያል። ይባስ ብሎ ሰው ሲንቀሳቀስ አቧራው ባለበት ይቆማል፤ ተመልካቹ ባልታጠበ መስኮት ውስጥ የሚያይ ይመስለዋል። አንዳንዶቹ ብርጭቆን በአልሙኒየም ኦክሳይድ ዱቄት እየፈገፈጉ ይበልጥ የላመ ለማድረግ ጣሩ። ሌሎቹ በሁለት ብርጭቆዎች መካከል ስስ ሰም አቀለጡ። የበለጠ የሠመረላቸው ግን ችግሩን በእንቅስቃሴ የፈቱት ናቸው። በጥቅል በሚሸጡ ሲዲዎች ላይ እንደ መክደኛ የሚቀመጠውን ምንም ያልተጻፈበት ግልጽ ክብ ፕላስቲክ አሻክረው በትንሽ ሞተር አሽከረከሩት። ምስሉ ባለበት ይቆያል፤ ሻካራው ገጽ ግን በፍጥነት ስለሚያልፍ ጉድፉ በዓይን አይያዝም። በካርቶናችንም ሊሞከር ይችላል፦ ወረቀቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ብቻ ቶሎ ቶሎ ብናነቃንቀው ጭረቱ ሲጠፋ ሻማው ባለበት ሲቀር እናያለን። ለተማሪ ይህ ምትሐት ነው የሚመስለው!

ከዚህ በኋላ አነስተኛ ድርጅቶችም ተነሡ። የሬድሮክ ማይክሮ «ኤም 2» በሚሽከረከር ክብ መስታወት፣ ሌተስ ደግሞ በሚንቀጠቀጥ መስታወት ይሠሩ ነበር። ይሁንና ምንም ቢሻሻሉ ከመስታወቱ ጋር የሚመጣ ዕዳ አልቀረላቸውም። መስታወቱ ብርሃን ይበላል፤ ስለዚህ በቀን ብርሃን ካልሆነ ተጨማሪ መብራት ይፈለጋል። የምስሉ ጠርዝ መሐሉን ያህል ስለማይበራ ሌላ ሰብሳቢ ሌንስ ይጨመራል። ቀዳዳው በጣም ከጠበበ የተሰወረው ጉድፍ ተመልሶ ይታያል። ምስሉም ተገልብጦ ነው የሚቀረጸው፤ ካሜራ ያዡ ሰው በግራ በኩል ሲገባ በመመልከቻው ላይ በቀኝ ሆኖ ያየዋል። አንዳንዱ መመልከቻውን ዘቅዝቆ ይሰቅላል፣ አንዳንዱ በኋላ ሲያቀናብር ይገለብጠዋል፣ በመጨረሻም ምስሉን በውስጣቸው የሚያቃኑ ባለ ፕሪዝም አዳፕተሮች መጡ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ የመዳፍ ያህል የነበረው ካሜራ ክንድ የሚያክል ቱቦ ይሆናል፤ ያለ ማቆሚያም አይያዝም።

ነገሩ ያበቃው በድንገት ነው። በ2008 ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የተባለውን የፎቶግራፍ ካሜራ አወጣ። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በዚያ ላይ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ይቀርጻል። መስታወት የለ፣ ሞተር የለ፣ ግልባጭ የለ። በ2010 «ሀውስ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ የ6ኛ ዙሩን መዝጊያ በዚሁ ካሜራ ቀረጸ። የዚያን ጊዜ ወጣቶች ብዙ የለፉበት አዳፕተር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ወጣ ለማለት ይቻላል። ዛሬ ሌንስ አዳፕተር ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የአንዱን ድርጅት ሌንስ በሌላው ካሜራ ላይ የሚያስገጥም ቀለበት ማለት ነው። ከነዚህ መካከል ሜታቦንስ በ2013 ያወጣው ዓይነት ሌንስ ያለበት ቀለበት ምስሉን በ0.71 ያህል እያሳነሰ በትንሹ ሴንሰር ላይ ስለሚሰበስበው፣ ብርሃኑን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። መስታወቱ ብርሃን ሲበላ ይኼኛው ይጨምራል፤ የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ይህን ቢያገኙ ምን ባሉ!

ልፋቱ ከንቱ ነበር የሚሉ አሉ። እኛ አይመስለንም። ሲዲ እያሻከረ የሠራ ሰው ስለ ብርሃን ያወቀው ነገር ካሜራ ገዝቶ ቁልፍ ከተጫነው ይበልጣል። የምንከራከረው በሌላ ነገር ላይ ነው። በዚያ ዘመን «የሲኒማ መልክ» ማለት ብዥታ ማለት ሆኖ ተወሰደ፤ ዛሬም በስልካቸው የሚቀርጹ ብዙዎች እንዲሁ ያስባሉ። ግን በ1941 የወጣውን «ሲቲዝን ኬን» የተባለ ፊልም እንውሰድ። ካሜራውን የመራው ግሬግ ቶላንድ የጣረው በተቃራኒው ነበር፤ ከቅርብ እስከ ሩቅ ሁሉ እንዲጠራ። እናቲቱ ከፊት ተቀምጣ ልጇን ለሌላ ሰው አሳዳጊነት አሳልፋ የምትሰጥበትን ወረቀት ስትፈርም፣ ልጁ በመስኮቱ በኩል ከሩቅ በረዶ ላይ ሲጫወት ጥርት ብሎ ይታያል። መስኮቱ ቢደበዝዝ ኖሮ ምን እንደሚጠፋ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ጥልቀቱ መርዘሙ የሠርግ ካሴት ምልክት ነው የሚለው አነጋገር አያስኬድም።

ወደ ክፍላችን እንመለስ። የማስተማር ልምምድ የሚቀረጸው ለማሳመር ሳይሆን ለመገምገም ነው። ከኋላ የተቀመጠው ካሜራ በ25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተማሪዋ ላይ ቢያተኩር፣ እጇን ስታነሣ ያምራል፤ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈው ስህተት ግን አብሮ ይሰወራል። ሰሌዳው ላይ ቢያተኩር ደግሞ ከፊቱ ያንቀላፋው ልጅ ይሰወራል። (ይህን የሚወድ እጩ መምህር ሊኖር ይችላል።) ገምጋሚው ማየት ያለበትን የሚወስነው ካሜራ ያዡ ሆነ ማለት ነው፤ ካሜራ ያዡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኛው መካከል ባለተራ የሆነ ጓደኛችን ነው፣ ፈራጅ እንዲሆን አልተጠየቀም።

ከዚህ የተነሣ ልምምድ ለመቅረጽ ትንሽ ሴንሰር ያለው አሮጌ ቪዲዮ ካሜራ ወይም ተራ ስልክ ከትልቁ ካሜራ ይመረጣል እንላለን። ትልቁ ብቻ ካለ ቀዳዳውን ኤፍ 11 ላይ ማጥበብ ነው፤ 50 ለ11 ተካፍሎ 4.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በላይኛው ስሌት የፊደሉ ብዥታ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ብርሃኑ ከኤፍ 2 ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ሠላሳኛ ስለሚያንስ መስኮቶቹን ሁሉ መክፈት ያስፈልጋል። በስልክ የሚቀርጽ ሰው ደግሞ ስልኩ በስሌት የሚፈጥረውን የጀርባ ማደብዘዣ ማጥፋት አለበት። ይህ ብዥታ ከሌንስ የመጣ ስላልሆነ የሾጣጣውን ሕግ አይከተልም፤ ጠመኔ የያዘውን የመምህሩን እጅ ጫፍ ከሰሌዳው ጋር ሲያደበዝዝ ይገኛል። የጠመኔው ጽሑፍ ቁመት ከ5 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ካሜራውም ከመቀረጹ በፊት በ6 ሜትር ርቀት ላይ በተጻፈ አንድ ፊደል ይፈተሽ።